ጨዋታውን ቀነስ፣ ምቷን ነጠል፦ ጠረጴዛ ቴኒስን ለብቻ መለማመድ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ መንገድ ዳር የምትዘረጋ አንዲት ጠረጴዛ ነበረች። አንደኛው ጥግ ዝናብ ጠጥቶ አብጧል። እዚያ ያረፈች ኳስ ወዴት እንደምትነጥር የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ደንቡ የትም ያለው ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። እኔ እዚያች ጠረጴዛ ላይ አራት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ ተጫውቻለሁ። ከፍያለሁ ብል ይሻላል።

ጥር ላይ አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ይመጣ ነበር። በቀላሉ ነበር የማሸንፈው። ከዚያ ጠፋ። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ መጋቢት ውስጥ ብቅ አለና 11 ለ4፣ ቀጥሎ 11 ለ5 ሸኘኝ። ሰርቭ፣ ማለትም ነጥቡን የሚከፍተውን ምት፣ ያደርጋል፣ እነካታለሁ፣ ኳሷ መረቡ ውስጥ ትገባለች። ደግሞ ያደርጋል፣ አሁንም መረብ። ሒሳቡን እየከፈልኩ «የት ተምረህ ነው?» አልኩት።

«የትም ጋሼ። እቤት ነው። ሰርቭ ብቻ ነው የሠራሁት፣ ሌላ ምንም አልነካሁም።»

«ጠረጴዛ አላችሁ እንዴ?»

«ኧረ ወለል ላይ ነው።»

አራት ዓመት በጠረጴዛ፣ ሁለት ወር በወለል። ማታ ጋደም ብዬም ነገሩ አልዋጥልኝ አለ።

ኋላ ሳሰላው ግን የሚገርም አልሆነም። አንድ ጨዋታ 11 ለ9 ቢያልቅ የተጫወታችሁት 20 ነጥብ ነው። ሰርቭ ሁለት ሁለት እየተባለ ስለሚቀያየር የእናንተ ድርሻ አሥር ብቻ ነው። አሥሩንም ደግሞ ላለመሸነፍ ስትሉ በምታውቋት በዚያችው በአንዷ ሰርቭ ትጨርሷቸዋላችሁ። ልጁ ግን ኳስ አንስቶ ለመምታት አሥር ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በ20 ደቂቃ 120 ሰርቭ ሠርቷል። እኔ ያንን ለመድረስ አሥራ ሁለት ጨዋታ መጫወት አለብኝ። ምናልባት አሥራ ሁለቱንም እየከፈልኩ።

ሌላም ነገር አለ። ጨዋታ ላይ ሰው የማይችለውን ምት ይሸሻል። የእኔ ባክሃንድ፣ በእጅ ጀርባ በኩል የሚመታው ምት፣ ደካማ ነበር። ኳስ ወደ ግራዬ ስትመጣ ዞር ብዬ በፎርሃንድ፣ በመዳፍ በኩል ባለው ምት፣ እመታት ነበር። ተመልካቹም «እግሩ ፈጣን ነው» ይለኛል። ፈጣን አይደለም፣ እየሸሸ ነው። አራት ዓመት የተሸሸች ምት ከየት መጥታ ትሻሻል?

በቅኔ አገር ተወልዶ ይህን አለማወቅ ትንሽ ያሳፍራል። ቅኔ ቤት የገባ ልጅ በመጀመሪያው ቀን መወድስ አይቀኝም። ባለሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃና ይዞ ይቆጥራል፣ ይሞክራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ደግሞ ይሞክራል። ስምንት ቤት ያለው መወድስ የሚመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። እኛ ጠረጴዛ ላይ ስንቆም ግን በቀጥታ ወደ መወድስ ነን።

አሠልጣኝ አይደለሁም። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ መጋቢት ወዲህ የሄድኩበት መንገድ ነው። የተሳሳትኩባቸውን ቦታዎችም አልደብቅም።

መጀመሪያ፣ የምትከፍሉባትን ምት ፈልጉ

ሁሉንም አንድ ላይ ላሻሽል ብላችሁ አትነሡ። አንዷን ምረጡ። ምርጫው በግምት ሳይሆን በቆጠራ ይሁን።

ሦስት ጨዋታ ተጫወቱና አንድ ጓደኛ ደብተር ይዞ ጎን ይቀመጥ። ነጥብ በጠፋባችሁ ቁጥር በምን እንደጠፋ አንድ ጭረት ያድርግ። አምስት መስመር ይበቃል፦ ሰርቭ ስታደርጉ፣ ሰርቭ ስትቀበሉ፣ በፎርሃንድ፣ በባክሃንድ፣ እግራችሁ ሳይደርስ ቀርቶ። እኔ የምሸነፈው ስማሼ፣ በሙሉ ኃይል የምመታት የፎርሃንድ ምት፣ ስለሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ጭረቶቹ ሲቆጠሩ ከግማሽ በላዩ «ሰርቭ ስቀበል» የሚለው መስመር ላይ ነበር። ስማሽ ያለበት የፎርሃንድ መስመር ላይ ሁለት ጭረት። ስማሽ ሲወጣ ሰው ያያል፣ ይስቃል፤ ለዚህ ነው አእምሮ ውስጥ የሚቀረው።

ጓደኛ ከሌለ ስልክ ወንበር ላይ አስደግፋችሁ ቅረጹና ራሳችሁ ቁጠሩት። መምረጥ ካቃታችሁ ደግሞ በሰርቭ ጀምሩ። ከምቶች ሁሉ ባላጋራ እጁን የማያስገባባት እሷ ብቻ ናት። መጥፎ ሰርቭ ካደረጋችሁ ጥፋቱ የሌላ የማንም አይደለም።

ዕቃው

ብዙ አይደለም። አሥር ኳስ ብታገኙ ጥሩ ነው። ስድስትም ይሠራል፤ መልቀሙ ይበዛባችኋል እንጂ። አንድ ባልዲ፣ አንድ ማርከር፣ ጥቂት ሜትር ሲባጎ፣ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት። ያረጀ አጎበር ካለ ከጠረጴዛው ማዶ ስቀሉት። ኳሷ እሱ ላይ ትወድቅና እታች ትጠራቀማለች። ይህች አጎበር ከልምምዴ ግማሹን ጎንበስ ቀና አስቀርታልኛለች።

ራኬቱን ፈትሹት። ኳሷን ጎማው ላይ ጫን አድርጋችሁ ስትገፏት ዝም ብላ ከተንሸራተተች ጎማው ሞቷል። በእሱ እሽክርክሪት መለማመድ በደነዘዘ ማጭድ ማጨድ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሞተ አይደለም፣ አቧራ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ጥላ ላይ አድርቁት። ቤንዚንና ሳሙና አታስነኩት።

ጠረጴዛ ከሌለ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሥሩት። ርዝመቱ 2.74 ሜትር፣ ወርዱ 1.525 ሜትር ነው። ትክክለኛው ጠረጴዛ ከመሬት 76 ሳንቲሜትር ይነሣል፣ መረቡ ደግሞ ከጠረጴዛው 15.25 ሳንቲሜትር።

አንድ፦ ሰርቭ፣ ከወለል እስከ ጠረጴዛ

እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፤ ለብቻ በደንብ የሚሠራው ይህ ስለሆነ።

ሕጉን አስቀድማችሁ እወቁ። ኳሷ በተዘረጋ መዳፍ ላይ በነፃነት ትቀመጣለች። መዳፉ ከጠረጴዛው ጠርዝ ኋላ፣ ከጠረጴዛው ገጽ በላይ መሆን አለበት። ከዚያ ወደ ላይ ቀጥ ብላ ቢያንስ 16 ሳንቲሜትር ትወረወራለች፤ ከመረቡ ቁመት በጥቂቱ የሚበልጥ ማለት ነው። የምትመታው መውረድ ስትጀምር ነው። መጀመሪያ በራሳችሁ በኩል ትነጥራለች፣ ከዚያ በማዶ። በሰውነት ወይም በልብስ መሸፈን ክልክል ነው። መንገድ ዳር ብዙዎቻችን ኳሷን በጣት ቆንጥጠን ከእጃችን ላይ ነው የምንመታት። ማንም ምንም አይልም። ዳኛ ያለበት ጨዋታ ላይ ግን ነጥቡ ይሄዳል። ስለዚህ ስትለማመዱ ከመጀመሪያውም ሕጋዊውን ተለማመዱ፤ ሁለት ጊዜ መማር ትርፉ ድካም ነው።

*መወርወር ብቻ።* ራኬቱን አስቀምጡት። ኳሷን ከመዳፋችሁ ወርውሯትና እዚያው መዳፍ ላይ ትመለስ። እጃችሁን ሳታንቀሳቅሱ። ሃምሳ ጊዜ። ለመቅለብ እጃችሁ ወዲያ ወዲህ ካለ አወራወሩ ጠማማ ነው፣ ሰርቩም በየቀኑ የተለየ ይሆናል። አሰልቺ ነው። እኔ ቡና እስኪፈላ ነበር የምሠራው።

*ወለል ላይ።* ልጁ የሠራው ይህንን ነው። ከፊታችሁ ሁለት ሜትር ያህል ባዶ ወለል ይኑር። ዝቅ በሉ ወይም ተንበርከኩ። የራኬቱ ፊት ወደ ሰማይ ዘንበል ይበል። ኳሷ ስትወርድ ከሥሯ ጥረጓት። ማዕድ ላይ የቀረ ፍርፋሪ በእጅ ጠርዝ እንደሚጠረግ፣ ቀጠን አድርጋችሁ። በደንብ ከተጠረገች ወደ ፊት ሄዳ ታርፍና ወደ እናንተ ትመለሳለች። ወደ ፊት ብቻ ከሮጠች መታችኋት እንጂ አልጠረጋችኋትም።

ጆሯችሁን ተጠቀሙ። የተመታች ኳስ «ጧ» ትላለች። የተጠረገች ኳስ ድምፅዋ ይሰወራል፣ «ሽው» የሚል ብቻ ይቀራል። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ጧ ጧ ስል የጎረቤት ልጆች ተሰብስበው ይመለከቱኝ ነበር። አንደኛዋ ትንሽ ልጅ «ጋሼ፣ ለምንድን ነው ከኳሷ ጋር የምትጣላው?» አለችኝ። ትክክል ነበረች። እጄን አጠንክሬ ነበር የያዝኩት። መፍትሔው አያያዙ ላይ ነው። ራኬቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙት፣ የቀሩትን ሦስት ጣቶች ለቀቅ አድርጓቸው። ያኔ የእጅ አንጓ ነፃ ይሆናል። እሽክርክሪት የሚመጣው ከአንጓው ፍጥነት ነው እንጂ ከትከሻ ጉልበት አይደለም።

በማርከር ኳሷ ወገብ ላይ ዙሪያውን ወፍራም መስመር አስምሩ። መስመሩ ሲዞር በዓይን ስለሚታይ ኳሷ እንዴት እንደተሽከረከረች መገመት አያስፈልግም።

*ጠረጴዛ ላይ።* ከአሥር አምስቷ ወለል ላይ ስትመለስላችሁ ወደ ጠረጴዛ ውጡ። ኳሷን የምትነኩበት ከፍታ ዝቅ ይበል፤ ከመረቡ ጫፍ ጋር እኩል አካባቢ። ከፍ ላይ የተመታች ሰርቭ ከፍ ብላ ትነጥርና ለባላጋራ ስጦታ ትሆናለች። ከመረቡ በላይ 15 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ሲባጎ በሁለት እንጨት ወጥሩ። ኳሷ በመረቡና በሲባጎው መካከል ትለፍ።

አጭር ሰርቭ ስትፈልጉ መጀመሪያ በራሳችሁ በኩል ወደ መረቡ ጠጋ ብላ ትነጥር። ረጅም ስትፈልጉ ራሳችሁ ጠርዝ አጠገብ። አጭር መሆኗን ማወቂያው ቀላል ነው። ዝም ብላችሁ ተመልከቷት፤ ማዶ ላይ ሁለት ጊዜ ከነጠረች አጭር ናት። እንዲህ ዓይነቷን ሰርቭ ባላጋራ ዘልሎ ሊመታት አይመቸውም፣ እጁን ጠረጴዛው ላይ ማስገባት አለበት።

ከዚያ ወረቀቷን ማዶ አስቀምጡ። አሥር ኳስ፣ ከአሥሩ ስንቱ ወረቀቱን ነካ፣ ደብተር ላይ ጻፉ። በተከታታይ ሁለት ጊዜ ስምንት ከደረሳችሁ ወረቀቷን ለሁለት እጠፏት። ከአምስት በታች ከሆነ ሙሉ ጋዜጣ አንጥፉ። የእኔ ስህተት እዚህ ላይ ነበር። ሦስት ከአሥር እያገኘሁ «ይለመዳል» እያልኩ ያንኑ ወረቀት ሁለት ሳምንት ስደበድብ ከረምኩ። የሚለመደው ግን መሳሳቱ ነው።

*ያችው እጅ፣ ባዶ ኳስ።* ይህች የመጨረሻዋ ናት፣ እኔንም የበላችኝ እሷው ናት። የተቆረጠችው ሰርቭ፣ ማለትም ከሥሯ ተጠርጋ ወደ ኋላ የምትሽከረከረው፣ ስትለመድ፣ በዚያው የእጅ እንቅስቃሴ እሽክርክሪት የሌላትን ተለማመዱ። ልዩነቱ ኳሷ የምትነካበት ቦታ ላይ ነው። የራኬቱ ጫፍ በፍጥነት ስለሚንቀሳቀስ በጫፉ የተጠረገች ኳስ ብዙ ትሽከረከራለች። ወደ እጀታው ተጠግታ ሳትጠረግ የተገፋች ኳስ ባዶዋን ትሄዳለች። ባላጋራችሁ የሚያየው አንድ ዓይነት እጅ ነው። የተቆረጠች መስላው አንሥቶ ይገፋታል፣ ኳሷም ከፍ ብላ ትመጣለች። ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተ ታውቁታላችሁ።

ሁለት፦ ግድግዳ

ግድግዳ ጥሩ ጓደኛ ነው፣ ግን ይዋሻል። ኳሷን ከተለመደው ፈጥኖ ይመልሳታል፤ ሰውም የሚመልሰውን ዓይነት እሽክርክሪት አይመልስም። ስለዚህ እጅን ለማፍጠንና ባክሃንድን ለማላመድ ተጠቀሙበት እንጂ ጨዋታ ነው ብላችሁ አትሳቱ።

ወለል ላይ ነጥራ ግድግዳ ትምታ፣ ተመልሳ ትንጠር፣ ደግሞ በባክሃንድ። ክርናችሁ ከጎናችሁ አንድ ጭብጥ ያህል ይራቅ፣ አይወዛወዝ። ሃያ ሳይቋረጥ እስኪመጣ። የእኔ ባክሃንድ የዳነው የጎረቤት ጋራዥ ግድግዳ ላይ ነው፤ ባለቤቱ አሁንም ነጭ ነጭ ነጥቦቹን እያየ ይነጫነጫል።

አንድ ነገር ግን ግድግዳው እውነቱን ይነግራችኋል። በቀጥታ ግድግዳው ላይ ቶፕስፒን፣ ማለትም ወደ ፊት የምትሽከረከር ኳስ፣ ብትመቱ ኳሷ ከነካች በኋላ ወደ ላይ ትዘላለች። የተቆረጠች ከሆነች ወደ ታች ትወርዳለች። ቶፕስፒን እየመታሁ ነው የሚል ሰው ኳሱ ቀጥ ብላ ከተመለሰች ቶፕስፒን አልመታም።

ሦስት፦ ያለ ኳስ፣ መብራት ሲጠፋ

መብራት መጥፋቱ ለአንድ ነገር ይጠቅማል። ሻማ ከኋላችሁ አስቀምጡና ጥላችሁን ግድግዳው ላይ እያያችሁ ምቷን ደጋግሙ። ጉልበት በርከክ ይበል፣ ክብደት በእግር ጣቶች በኩል፣ ራኬቱ ከፊት። ፎርሃንድ ስትመቱ የሚዞረው ወገብ ነው፣ እጅ ተከታይ ነው። ጥላው ላይ ክንድ ብቻ ሲሮጥ ካያችሁ አቁሙና እንደገና ጀምሩ።

ለእግር ደግሞ ሁለት ጫማ አንድ ሜትር ተኩል አራርቃችሁ ወለል ላይ አስቀምጡ። አንዱ ጋ ደርሳችሁ ፎርሃንድ፣ ሌላው ጋ ደርሳችሁ ባክሃንድ። እግር እያቆላለፉ መሮጥ የለም፣ እየተንሸራተቱ ነው። 30 ሰከንድ ሥሩ፣ 30 ሰከንድ እረፉ፣ ስድስት ዙር። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ያለ ከተማ ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ አራተኛው ዙር ላይ ቢቀመጥ አትሳቁበት።

አራት፦ ባልዲው

አሁን አንድ ሰው ያስፈልጋል። ተጋጣሚ አይደለም፣ አቀባይ ነው። ይህን በግልጽ ንገሩት፤ አለበለዚያ ሦስተኛዋ ኳስ ላይ ሊያሸንፋችሁ ይጀምራል። የእኔ ጓደኛ ሁለት ቀን ሙሉ ሊገባው አልቻለም። «ታዲያ ማን አሸነፈ?» እያለ።

አቀባዩ ባልዲውን አጠገቡ ያደርግና ኳስ እያነሣ አንድ በአንድ ወደ አንድ ቦታ ይልክላችኋል። እናንተ አንዲት ምት ብቻ ትመታላችሁ። ኳሷ መረብ ብትገባም፣ ብትወጣም አትከተሏትም፣ ቀጣይዋ እየመጣች ነው። አሥር ኳስ፣ መልቀም፣ ደግሞ አሥር። ስድስት ዙር ከሠራችሁ ስልሳ ምት ነው። ከዚያ ቦታ ተቀያየሩ። አቀባይም ይማራል፤ ኳስን አንድ ቦታ ደጋግሞ መላክ ቀላል ሥራ አይደለም።

ፍጥነቱን የሚወስነው መቺው ነው። ምቱን ጨርሳችሁ ወደ ቦታችሁ ሳትመለሱ ቀጣይዋ ከመጣች «ቀስ» በሉ። ወጣቶች ይህን ማለት ይከብዳቸዋል። መቸኮል የተበላሸ ምትን በፍጥነት መልመድ ነው።

እኔ የምጠቀምበት ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ ኳስ ወደ አንድ ቦታ ብቻ፣ ሁሌም አንድ ዓይነት። ስምንት ከአሥር ሲደርስ፣ ያችው ኳስ ግን እናንተ ወደ ሁለት አቅጣጫ እያፈራረቃችሁ። ቀጥሎ ኳሷ በተራ አንድ ጊዜ ወደ ባክሃንድ፣ አንድ ጊዜ ወደ ፎርሃንድ። በመጨረሻ ተራ የሌለው፤ አቀባዩ ደስ ወዳለው ይልካል። እዚህ ሲደረስ ውጤቱ ይወርዳል። ስምንት የነበረው አራት ይሆናል። አትደንግጡ፣ ወደ ኋላም አትመለሱ። አንድ ቦታ ላይ እየደጋገሙ መምታት ቶሎ የተሻሻሉ ያስመስላል፤ የሚቆየው ግን ተቀላቅሎ የተለመደው ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ በተራ ወዳለችው እየተመለስኩ አንድ ወር አቃጠልኩ።

ሰርቭ መቀበል ለከበዳችሁ፣ እንደ እኔ ማለት ነው፣ አቀባዩ ሰርቭ ብቻ ያድርግ። እናንተ ከመመለሳችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ «ቆረጠ» ወይም «ባዶ» በሉ። መመለሱ ኋላ ይመጣል። መጀመሪያ ዓይን የራኬቱን አቅጣጫ ማንበብ አለበት። ወደ ታች ሲወርድ ኳሷን የነካ ራኬት ቆርጧል፤ ለተቆረጠች ኳስ የእናንተን ራኬት ፊት ወደ ላይ ከፈት አድርጋችሁ ግፏት።

ስለ ነፋስና ስለ ከፍታ

ኳሷ 2.7 ግራም ናት። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ደጅ ላይ ሰርቭ መለማመድ ከነፋሱ ጋር መከራከር ነው። ጠዋት ሥሩ። ወይም ነፋሱ እስኪበርድ ወለልና ጥላ ላይ ቆዩ።

ከፍታው ደግሞ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለው። ማርቆስ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለል አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ወደ 1,800 ሜትር ላይ ያለችው ባሕር ዳር በመጠኑ ትሻላለች። ቶፕስፒን ኳሷን ወደ ጠረጴዛው የሚያጎነብሳት አየሩን ገፍቶ ነው። አየሩ ሲሳሳ የምትጎነብሰው ባነሰ ነው፣ ፍጥነቷም ቶሎ አይቀንስም። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ ያያችሁትን ምት በዚያው ከፍታ ከመረብ አሳልፋችሁ ብትመቱ እዚህ ትወጣለች። ስህተታችሁ ላይሆን ይችላል። ከመረቡ በላይ ያለውን ክፍተት ቀነስ፣ ጠረጋውን ጨመር አድርጉ። በተቃራኒው ከዚህ ተነሥታችሁ ቆላ ወርዳችሁ ለመጫወት ከሄዳችሁ ኳሷ መረብ ላይ መቅረት ትጀምራለች። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ለመላመድ ስጡት፣ ውርርድ አትግቡ።

ወደ ጨዋታ መመለስ

ጨዋታ ጨርሶ ተዉ አላልኩም። ሳምንቱን እንዲህ ከፍሉት፤ አራት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ልምምድ፣ አንድ ቀን ጨዋታ። ግማሹ ሰዓት ሲያልቅ አቁሙ፣ ደስ ቢላችሁም። በደከመ እጅ የተለመደ ነገር ጠማማ ነው።

የጨዋታዋ ቀን ቅድመ ሁኔታ ይኑራት። ሦስት ሳምንት የተለማመዳችሁት አጭር ሰርቭ ከሆነ፣ በዚያን ቀን ከአጭር ሰርቭ ሌላ አታድርጉ። ባክሃንድ ከሆነ ዞሮ በፎርሃንድ መምታት ክልክል ነው፣ የመታ ነጥብ ይቀነስበታል። ትሸነፋላችሁ። እኔ ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ተሸንፌአለሁ፣ ከፍያለሁም። አራተኛው ላይ ያ ልጅ ራሱ «ጋሼ ምን ሆነሃል ዛሬ?» አለኝ። 11 ለ9 ተሸንፌ ነበር። ግን በባክሃንድ የመለስኳትን አንዷን ኳስ ቆሞ ነው ያያት።

እኛ ሰፈር እስከ 21 ካልተቆጠረ ጨዋታ አይደለም የሚሉ አንድ ጡረተኛ ጋሼ አሉ። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ 11 እንደተለወጠ ብነግራቸውም «ለእናንተ ለቸኳዮቹ ነው» ብለው አለፉኝ። በእሳቸው ቆጠራ እንደ ድሮው ሰርቭ አምስት አምስት ነው። መጀመሪያ ይሰለቸኝ ነበር፣ ኋላ ወደድኩት። አምስት ሰርቭ በተከታታይ ሲደርሳችሁ የመጀመሪያዋን ስህተት በሁለተኛዋ ማረም ትችላላችሁ፣ በሦስተኛዋ ባዶዋን መሞከር ትችላላችሁ። በሁለት ሁለቱ ግን ሳትሞቁ ተራው ያልፋል። ስለዚህ ልምምድን ከጨዋታ ለማገናኘት ከጓደኛ ጋር በጋሼ ሕግ ተጫወቱ፣ ለውድድር ደግሞ በ11።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያቺን የጭረት ደብተር አውጡና ሦስት ጨዋታ ደግማችሁ አስቆጥሩ። የመረጣችኋት መስመር ላይ ጭረቱ ከቀነሰ ቀጥሎ ብዙ ጭረት ወዳለበት መስመር እለፉ። ካልቀነሰ ሌላ ሦስት ሳምንት እዚያው። ደብተሩ ላይ ቀንና ከአሥር ያገኛችሁትን ብቻ ጻፉ፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አዎ፣ ልምምድ ስትጨርሱ ኳሶቹን ወደ ባልዲው ስትመልሱ ቁጠሩ። አሥር ካልሞሉ አንዷ አልጋ ሥር ናት።